አርማወር ሐንሰን፤ ስማቸው ኮልፌ የገባው ሐኪም

በኮልፌ ቀራንዮ፥ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር፥ ከአለርት ሆስፒታል ጎን አርማወር ሐንሰን የሚባል የምርምር ኢንስቲትዩት አለ። ብዙዎቻችን በጅማ መንገድ ስናልፍ ስሙን እናነባለን እንጂ የማን ስም እንደ ሆነ አንጠይቅም። እኛም የሰውየውን ታሪክ ለመጻፍ የተነሣነው፥ በሕይወታቸው ሙሉ የደከሙበት ጥያቄ ዛሬም ከቤታችን ስላልወጣ ነው። ይኸውም፥ በሽታ ከዘር ይወረሳልን?

በሀገራችን ሽማግሌ ተልኮ ልጅ ሲጠየቅ፥ ከዘመዶቿ መካከል የሥጋ ደዌ ያለበት እንደ ሆነ እስከ ሰባት ቤት ይጠየቅ ነበር። አንድ አያት ታመው እንደ ሆነ ጤነኛይቱ የልጅ ልጅ ሳትዳር ትቀር ነበር። ይህ ሐሳብ የኛ ብቻ አልነበረም። ጌርሐርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 ዓ.ም. (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በኖርዌይ አገር፥ በበርገን ከተማ ሲወለዱ፥ የዚያ አገር ታላላቅ ሐኪሞችም የሚያስተምሩት ይህንኑ ነበር። ያን ጊዜ በኖርዌይ፥ ይልቁንም በምዕራቡ ባሕር ዳር በሚኖሩት ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ፥ ወደ 3000 የሚጠጉ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ።

ሐንሰን በ1866 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጽመው፥ በ1868 በበርገን በዶክተር ዳንኤልሰን ሥር ገቡ። ዳንኤልሰን በሽታው በዘር የሚወረስ መሆኑን አጥብቀው ያምኑ ስለ ነበር፥ የሕሙማንን ቁስል ወስደው ገላቸውን እስከ መውጋት ደርሰዋል፤ ነገር ግን አልታመሙም። ይህ ለእርሳቸው በሽታው ላለመተላለፉ ማስረጃ ሆነላቸው። ሐንሰን ግን በየመንደሩ እየዞሩ ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ መረመሩ፤ በ1873 የካቲት ወር በማይክሮስኮፕ ሲመለከቱ በሕሙማን ሥጋ ውስጥ እንደ ዘንግ የቀጠኑ ጥቃቅን ነገሮችን አገኙ። ባክቴሪያ የሰው በሽታ ምክንያት ነው ብሎ መናገር ገና ድፍረት በነበረበት ዘመን ይህ ታላቅ ግኝት ነው። በዚያው ዓመት የዳንኤልሰንን ልጅ አግብተው ነበር፤ ሚስታቸው ግን ዓመቱ ሳያልቅ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችባቸው።

ባክቴሪያው ከሰው አካል ውጭ ለማደግ እምቢ አለ፤ በሰው ሠራሽ ምግብ እስከ ዛሬም አላደገም። በዚህ የተቸገሩት ሐንሰን በ1879 የማይገባ ሥራ ሠሩ። ሳይነግሯትና ሳያስፈቅዷት የአንዲትን በሽተኛ ዓይን ከሌላ ሕመምተኛ በተወሰደ ነገር ወጉት። ሴትዮዋ ዝም አላለችም፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1880 ሐንሰን ከሆስፒታሉ ሥራቸው ተሻሩ። የሥጋ ደዌ ዋና ሹመታቸው ግን አልተነካም። ዝናቸውን እያነሣን ይህን ብንዘል ሴትዮዋን ዳግመኛ እንደ መበደል ይቆጠርብናል።

በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻግረው፥ ሕመሙን ይዘው የተሰደዱትን የኖርዌይ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ፈተሹ፤ በሽታው ወደ ልጆቹ አልወረደም። ለሕሙማኑ ዘሮች ይህ ነጻ መውጣት ነበር። ለሕሙማኑ ራሳቸው ግን፥ ሐንሰን የደገፉት የ1885 ሕግ ከቤተሰብ የሚለይ ሆነባቸው። ሐንሰን በ1912 ዓ.ም. አረፉ።

ታዲያ ዳንኤልሰን ለምን አልታመሙም? ከሰው ሁሉ እጅግ የሚበዛው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በተፈጥሮው የሚቋቋም ነው፤ ይህም ኃይል በከፊል ከወላጅ በሚወረስ ጂን ይወሰናል። ዘር በዚህ በኩል ተመልሶ ገባ ማለት ነው፤ የሚወረሰው ግን በሽታው ሳይሆን የመከላከያው ዓይነት ነው።

ይህንኑ ነገር ዛሬ በማሕፀን በር ካንሰር እናየዋለን። መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው። የዚህን ቫይረስ አንዱን ዋና ዓይነት የጀርመኑ ሊቅ ሐራልድ ሱር ሐውዘንና ባልደረቦቻቸው በ1983 ለይተው አወጡት። ቫይረሱ ብዙ ሴቶችን ይይዛል፤ የአብዛኞቹ ሰውነት ግን በአንድ ሁለት ዓመት ያጠፋዋል። በጥቂቶቹ ዘንድ ተደብቆ ይቀርና ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ይሆናል። ለልዩነቱ አንዱ ምክንያት ኤች.ኤል.ኤ. የሚባሉት ጂኖች ናቸው። እነዚህ ጂኖች የሚሠሯቸው ፕሮቲኖች የቫይረሱን ስባሪ አንሥተው ለነጭ የደም ሕዋሳት እንደ ምልክት ያሳያሉ፤ ከሰው ሰውም ይለያያሉ። በስዊድን አገር የተደረገና በ2013 የታተመ ሰፊ ጥናት፥ ከነዚህ ልዩነቶች አንዳንዶቹ አደጋውን ሲጨምሩ ሌሎቹ ሲቀንሱት አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ካልገባ ጂኑ ብቻውን ይህን ካንሰር ያመጣል ማለት አይደለም።

እናቷ በዚህ ሕመም የሞተችባት እኅታችን፥ ዕጣዬ ነው ብላ የምትቀመጥበት ምክንያት የለም። ኢትዮጵያ በ2018 መጨረሻ የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ጀምራለች፤ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶችም የማሕፀን በር በኮምጣጤ አሲድ ተቀብቶ የሚታይበት ምርመራ አለ። ከካንሰር በፊት የሚመጣው ለውጥ በጊዜ ከተገኘ ይታከማል።