ከሐረር በቃሬዛ የወጣው ሰው

ሐረር የደረሰ ሰው ስለ ራምቦ ቤት ሳይሰማ አይመለስም። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ በአገራችን መኖሩን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ምን እንደገደለው ግን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። የገደለው ከጉልበቱ የተነሣ ዕጢ ነው።

ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1854 በፈረንሳይ አገር በሻርልቪል ከተማ ተወለደ። ስሙን ያስጠሩትን ግጥሞች ጽፎ የጨረሰው ገና በሃያ ዓመቱ ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ብዕሩን ጥሎ አገር ላገር ሲዞር ከረመና በ1880 መጨረሻ የአንድ ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። ቡናና ቆዳ ነገደ። በ1887 ጠመንጃ ጭኖ እንጦጦ ድረስ በመሄድ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ለነበሩት ለምኒልክ ሸጠ። ከሐረሩ ገዥ ከራስ መኮንን ጋርም ወዳጅ ነበር።

በ1891 መጀመሪያ ላይ ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። የደም ሥር ሕመም መስሎት ሥራውን ቀጠለ። ጉልበቱ ግን እያበጠ ሄዶ መራመድ ከለከለው። በመጨረሻ ዕቃውን በርካሽ ሸጠና በኤፕሪል ወር 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ አድርገው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ዘይላ ወደብ አደረሱት። በኤደን በኩል ማርሴይ ገብቶ ሜይ 27 ቀን እግሩ ተቆረጠ። ሆኖም በሽታው ቀድሞ ተሰራጭቶ ስለነበር ኖቬምበር 10 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ። የዛሬ ሐኪሞች በሽታው ኦስቲዮሳርኮማ የሚባለው የአጥንት ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ።

ለመሆኑ ይህ በሽታ ማንን ይይዛል? ከአጥንት የሚነሣ ነቀርሳ ከ100 የነቀርሳ ሕሙማን አንዱን እንኳ አይሞላም። አብዛኛው የአጥንት ዕጢም ነቀርሳ አይደለም። በትልልቅ ሰዎች አጥንት ላይ የሚገኘው ነቀርሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከጡት፣ ከሳንባ ወይም ከፕሮስቴት የተዛመተ ነው። ኦስቲዮሳርኮማ በዓመት ከሚሊዮን ሰው ከ3 እስከ 5 ያህሉን ቢይዝ ነው። የሚበዛው ግን ከ10 እስከ 25 ዓመት ባሉት፣ አጥንታቸው ፈጥኖ በሚያድግ ልጆችና ወጣቶች ላይ ነው፤ ወንዶች በጥቂቱ ይበልጣሉ። ከ60 ዓመት በኋላም እንደገና ይታያል። ራምቦ በዕድሜው ከተለመደው ውጪ ቢሆንም ሕመሙ የጀመረበት ቦታ ግን የተለመደው ነው፤ ጉልበት አካባቢ።

እንግዲህ እጩ መምህራን ልብ እንበል። ከ10 እስከ 25 ዓመት ማለት እኮ ነገ የምናስተምራቸው ልጆች ናቸው፤ እኛም ብዙዎቻችን አለንበት። አንድ ተማሪ ሲያነክስ ብናይ ኳስ ሜዳ ወድቆ ነው ብለን እናልፈዋለን። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ሕመሙ ለሳምንታት ካልለቀቀው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰው ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ እያደገ ከሄደ፣ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት ይቅርበት። ወላጆቹን ጠርተን፣ ልጁንም ሳናስደነግጥ፣ ራጅ ወደሚነሣበት ሆስፒታል እንዲሄድ እንምከር። በቀዶ ጥገና ብቻ ይታከም በነበረበት ዘመን ከ10 ሕሙማን የሚድኑት 2 ያህል ነበሩ። ከ1970ዎቹ ወዲህ መድኃኒት ስለተጨመረበት፣ ሳይሰራጭ የተደረሰባቸውና ሙሉ ሕክምና ያገኙት ከ10 እስከ 6 እና 7 ይድናሉ፤ ብዙዎቹም እግራቸው ሳይቆረጥ።

ራምቦ ሐኪም ፍለጋ ባሕር መሻገር ነበረበት። እኛ ሐዋሳ ላይ ሪፈራል ሆስፒታል አለን። የሚጎድለው ቶሎ ማስተዋልና ቶሎ መላክ ነው፤ ይህ ደግሞ ከመምህር ሥራ አንዱ ነው።