የደረስጌው ጌታ፦ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀና መንገደኛ የወገራን ደጋ አቋርጦ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ያበቃበታል። ከፊቱ የሊማሊሞ ገደል ቁልቁል ወደ ዓዲ አርቃይና ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ በስተቀኙ የስሜን ተራሮች ተደርድረው ይታዩታል። ይህን በር የያዘ ሰው በአንድ እጁ ጎንደርን፣ በሌላው እጁ ትግራይን ለመንካት ይችል ነበር። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተፈርተውና ተከብረው የኖሩት በዚሁ በር ላይ በመቀመጣቸው ነው።

ውቤ የስሜን ባላባቶች ልጅ ናቸው። አያታቸው ራስ ገብሬ፣ አባታቸውም ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ስሜንን ተከታትለው ገዝተዋል። አባታቸው በ1818 ዓ.ም. ሲሞቱ ውቤ ወንድማቸውን መርሶን አልፈው ግዛቱን ያዙ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። በጎንደር ንጉሠ ነገሥት አለ፤ ሥልጣኑ ግን በየጁ ራሶች እጅ ነው። ውቤም ለጊዜው ለየጁዎች ገብረው፣ በየካቲት 1823 ዓ.ም. ከራስ ማርዬ ጋር ሆነው በደብረ ዓባይ የትግራዩን ደጃዝማች ሰባጋዲስን ወጉ። ራስ ማርዬ በጦርነቱ ሞቱ፤ ሰባጋዲስም ተማርከው ተገደሉ። ሁለቱ ኃያላን በተጠፋፉበት ሜዳ ትርፉ ለስሜኑ ሰው ሆነና ትግራይ በውቤ እጅ ገባች። ከባሕር በር የሚመጣው ጠመንጃም በእርሳቸው ግዛት በኩል የሚያልፍ ሆነ።

ጠመንጃ ብቻውን ግን ዘውድ አይጭንም። ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ በሁለት ልደትና በሦስት ልደት ክርክር ተከፋፍላ ነበር። የጎንደር ሊቃውንት ብዙዎቹ ወደ ሦስት ልደት ሲያዘነብሉ የትግራይ ካህናት በካራው ሃይማኖት ጸንተው ነበር። በዚህ ላይ የየጁ ራሶች ዘራቸው ከእስላም ወገን በመሆኑ ጠላቶቻቸው ክርስትናቸውን ዘወትር ይጠራጠሩት ነበር። ውቤ ይህን ጥርጣሬ የመሰለ መሣሪያ እንደሌለ ተረዱ። ለዚህ ደግሞ ጳጳስ ያስፈልጋል፤ አገሪቱ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ያለ ጳጳስ ቆይታለች።

በ1833 ዓ.ም. ውቤ ገንዘብ አዋጥተው መልእክተኞችን ወደ ግብጽ ላኩ። የጉዞው አጃቢ ካቶሊካዊው ሚስዮናዊ ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ መሆናቸው ሳያስገርም አይቀርም። በ1830 ዓ.ም. የፕሮቴስታንት ሚስዮናውያንን ከዓድዋ ያስወጡት ውቤ፣ ካቶሊኮቹን ግን አስቀምጠዋቸው ነበር። በእኔ ግምት ይህ የሃይማኖት ወላዋይነት ሳይሆን የፈረንሳይን ወዳጅነት የመሻት ፖለቲካ ነው። ከግብጽ የመጡት ወጣቱ አቡነ ሰላማ ናቸው።

አቡኑ እንደ ደረሱ ውቤ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር ተባብረው በራስ አሊ ላይ ዘመቱ። አቡኑም ከሠራዊቱ ጋር ወጥተው ራስ አሊን አወገዙ። በ1834 ዓ.ም. በየካቲት መግቢያ በደብረ ታቦር ጦርነት ሆነ፤ የውቤ ነፍጠኛ የራስ አሊን ፈረሰኛ ሰበረ፤ ራስ አሊም ሸሽተው አመለጡ። ውቤ ያን ቀን የኢትዮጵያ ጌታ ነበሩ። ነገር ግን ድል አድራጊው ሠራዊት ለምርኮ ሲበተን፣ መኳንንቱም ለድሉ ሲጠጡ፣ ከራስ አሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ተመልሰው ሰፈሩን ወረሩት። ውቤም በድላቸው ማግስት እንኳ ሳይሆን በድላቸው ዕለት ተማረኩ። ስንት ዓመት የተደከመበት ነገር በአንድ ምሽት ፈረሰ።

ራስ አሊ ካሣ አስከፍለው ለቀቋቸው። ለመርሶ ተሰጥቶ የነበረውንም ግዛት ውቤ መልሰው ያዙ። ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት በስሜን ደጋ ላይ ደረስጌ ማርያምን አሠሩ። በሥራው የጀርመኑ የዕፀዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደ ረዱ ይነገራል፤ ሺምፐር በውቤ ዘመን የእንትጮ ገዢ እስከ መሆን የደረሱ ሰው ናቸው። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያነጿት አንድ ቀን ዘውድ እንዲጫንባት አስበው ነው የሚለውም ከዚያው አካባቢ የሚሰማ ታሪክ ነው።

በዚህ መካከል የቋራው ካሣ ኃይሉ ተነሡ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጎሹ ዘውዴን በጉር አምባ፣ በሰኔም ራስ አሊን በአይሻል ድል አደረጉ። ካሣ ውቤ የተማሩትን ትምህርት ተምረው ነበርና ጳጳሱን ፈለጉ። አቡነ ሰላማ ከራስ አሊ ጋር ተጣልተው ለዓመታት በውቤ ግዛት ተቀምጠው ነበር፤ በ1846 ዓ.ም. ግን ወደ ጎንደር ተመለሱ። ካሣ ካቶሊኮቹን ሊያስወጡ፣ የአቡኑንም ሃይማኖት በአዋጅ ሊያጸኑ ተስማሙ፤ የገቡትንም ቃል ፈጸሙ። በውቤ ገንዘብ የመጡት ጳጳስ የካሣ ሆኑ። ውቤ ያን ቀን ምን እንዳጡ የገባቸው አይመስልም፤ ግብር ልከው የሚያልፍ ነገር መስሏቸው ነበር።

ካሣ ወገራን አቋርጠው ስሜን ገቡ። የካቲት 3 ቀን 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ሆነና ውቤ ድል ሆነው ተማረኩ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሑድ የካቲት 5 ቀን፣ አቡነ ሰላማ በደረስጌ ማርያም ካሣን ቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ አሰኟቸው። ቤተ ክርስቲያኗ የውቤ፣ ጳጳሱም በውቤ ገንዘብ የመጡ፣ ዘውዱ ግን የሌላ ሰው ነበር።

የውቤ ዘመዶች እጅ አልሰጡም፤ ከእነርሱም አገው ንጉሤ በ1853 ዓ.ም. እስኪገደሉ ድረስ ሰሜኑን ይዘው ቆዩ። ቴዎድሮስ እቴጌ ተዋበች ካረፉ በኋላ የውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። ጋብቻው ግን ለአማቱ ነጻነት አላስገኘላቸውም። ውቤ በፈረንጆች 1867 ዓ.ም. በእስራት እንዳሉ ሞቱ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ባሕር ሲሄዱ በግንቦት ወር አባታቸው በገዙት በትግራይ ምድር ታመው ሞቱ፤ በጨለቆትም ተቀበሩ። የውቤ የልጅ ልጅ ዓለማየሁም በኅዳር 1872 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሞቶ አስከሬኑ በዊንድሰር ዐርፏል።