ኤዲሶንና እናቱ

ቶማስ ኤዲሶን በአሜሪካ አገር፥ ሚላን በምትባል ትንሽ ከተማ በ1847 ዓ.ም. ተወለደ። በዚህ ታሪክ የተጻፈው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። እርሱ ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበረ። እናቱ ናንሲ ኤልዮት ከማግባትዋ በፊት አስተማሪ ነበረች።

ቶማስ ከሕፃንነቱ ዠምሮ መጠየቅና መሞከር ይወድ ነበር። ዝይ እንቍላል ታቅፋ ስትፈለፍል ባየ ጊዜ፥ እርሱም ጫጩት ላወጣ ብሎ በእንቍላል ላይ ተቀመጠ ይባላል።

ተማሪ ቤት በገባ ጊዜ አስተማሪው አእምሮው ደካማ ነው ብሎ ናቀው። እናቱም ይህን ሰምታ ተቈጣች፤ ከተማሪ ቤትም አውጥታ በቤትዋ ታስተምረው ዠመረች።

ይህች እናት መልሱን ሁሉ ራስዋ ልትነግረው ትችል ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ አላደረገችም። ማንበብን ካስተማረችው በኋላ ስለ ፍጥረት ጠባይ የሚናገር መጽሐፍ ሰጠችው። በመጽሐፉም በቤት የሚሠሩ ሙከራዎች ተጽፈው ነበር። ቶማስ አንብቦ ብቻ አልተወውም፤ እውነት መሆኑን በገዛ እጁ እየሠራ መረመረ።

ለሙከራው የሚሆነውን ልዩ ልዩ ነገር በብልቃጥ እየሞላ ሰበሰበ። ቤቱ በብልቃጥ በተጨናነቀ ጊዜ እናቱ ሥራውን አልከለከለችውም፤ ብልቃጦቹን ወደ ምድር ቤት እንዲያወርድ አደረገች እንጂ። እርሱም ሌላ ሰው እንዳይነካቸው መርዝ የሚል ጽሑፍ ለጠፈባቸው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ልጅን ቸል ማለትና ልጅ በራሱ እንዲሠራ መርዳት አንድ አይደለም። ቸል የምትል እናት ልጅዋ የሚያደርገውን አታይም፤ የምትረዳ እናት ግን እያየች እጅዋን ትሰበስባለች፥ ስፍራውንና ልኩንም ትወስንለታለች።

ቶማስ 12 ዓመት ሲሆነው ለሙከራው ገንዘብ ስለ ፈለገ፥ በምድር ባቡር ላይ ጋዜጣ ልሽጥ ብሎ ለመነ። ባቡሩ ጧት ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄዶ የሚመለስ በሌሊት ነበር። ይህ ለእናት ልብ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከብዙ ልመና በኋላ ፈቀደችለት። እርሱም በዲትሮይት በመጻሕፍት ቤት ያነብ ነበር። በ1862 ዓ.ም. ደግሞ በባቡሩ ውስጥ የራሱን ትንሽ ጋዜጣ አትሞ ሸጠ። ካገኘውም ገንዘብ ለእናቱ ይሰጣት ነበር።

እናቱ በ1871 ዓ.ም. ስለ ሞተች የልጅዋን ታላላቅ ሥራዎች አላየችም። እርሱ በ1877 ዓ.ም. ድምፅን ይዞ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋራ ብዙ ሰዓት የሚበራ የኤሌክትሪክ አምፑል አወጣ። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ዓ.ም. ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ድምፃቸውን የላኩት በፎኖግራፍ ነው። ኤዲሶን በ1931 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ሞተ። ለዚህ ሁሉ ያበቃችው እናቱ እንደ ሆነች ይመሰክር ነበር።

ልጆች ሆይ፥ እናታችሁ ይህን ራስህ ሥራ፥ ይህን ራስሽ አንብቢ ባለቻችሁ ጊዜ ፍቅርዋ የጐደለ አይምሰላችሁ። እግዚአብሔር የሰጣችሁ እጅና አእምሮ በሥራ እንዲበረታ ትፈልጋለች። እናንተም ሳትፈሩ ሞክሩ፤ እናታችሁ የወሰነችላችሁን ወሰን ግን አትለፉ።