ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺና የራስ ቅል ክፍተቶች

ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1452 በኢጣልያ አገር፣ በፍሎረንስ አቅራቢያ በምትገኘው በቪንቺ አካባቢ ተወለደ። አባቱ ውል አዋዋይ፣ እናቱ ደግሞ ድኻ የገጠር ሴት ነበረች። ወላጆቹ በሕግ የተጋቡ ስላልነበሩ የአባቱን ሙያ ለመውረስ አልታደለም። ስለዚህ በወጣትነቱ ፍሎረንስ ውስጥ ቬሮኪዮ ከተባለ ዝነኛ ሠዓሊና ቀራጭ ዘንድ ገብቶ ጥበብን ተማረ።

ሊዮናርዶ በሥዕሉ እጅግ ቢደነቅም የሰውን መልክ ከውጭ ብቻ አይቶ መሣል አላረካውም። በሚላኖ ከተማ ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1489፣ የራስ ቅሎችን በመጋዝ እየከፈለ መረመረ። ዋና ፍላጎቱ የነፍስን መቀመጫ ማግኘት ነበር። ይህን ባያገኝም ከግንባር አጥንት በስተኋላ፣ እንዲሁም ከዓይን በታች በጉንጭ አጥንት ውስጥ የተሸሸጉ ባዶ ክፍተቶችን ተመለከተ። ግማሹን ፊት እንዳለ፣ ግማሹን ደግሞ ተከፍሎ የሚያሳይ ድንቅ ሥዕልም ሣለ። እነዚህ ክፍተቶች ዛሬ ሳይነስ ይባላሉ።

ይሁን እንጂ ሊዮናርዶ ስለ ሰውነት አሠራር ሊያሳትም ያሰበውን መጽሐፍ ሳይፈጽም እ.ኤ.አ. በ1519 በፈረንሳይ አገር ሞተ። ከቀኝ ወደ ግራ የጻፋቸውን ወረቀቶች ለደቀ መዝሙሩ ለሜልዚ ተወለት። የሰውነት ክፍሎችን የሚያሳዩት ሥዕሎቹ ግን እስከ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በሚገባ ሳይታተሙ ቆዩ። በዚህም ምክንያት የጉንጩ ክፍተት ከ162 ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1651፣ በመጽሐፍ በገለጸው በእንግሊዛዊው ሐኪም በናታንኤል ሃይሞር ስም ሲጠራ ኖረ።

የክፍተቶቹ ጥቅም ለብዙ ዘመን አከራካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የስዊድን ተመራማሪዎች የክፍተቶቹ ውስጠኛ ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በብዛት እንደሚያመነጭ አሳዩ። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳዎች ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ ከዚያም ከምንተነፍሰው አየር ጋር ወደ ሳንባ ይወርዳል። በዚያም የደም ሥሮችን በማስፋት ደም ኦክስጅንን እንዲቀበል ያግዛል፤ በክፍተቶቹ ውስጥ ደግሞ የበሽታ ተሕዋስያንን ይከላከላል። በአፍ የሚተነፍስ ሰው ይህን ስጦታ አብዛኛውን ያጣዋል። ቀዳዳዎቹ በሕመም አብጠው ሲደፈኑ ወደ አፍንጫ የሚደርሰው ጋዝ ያንሳል። በአንጻሩ ሰው ከንፈሩን ገጥሞ ሲያንጎራጉር አየሩ ስለሚርገበገብ ከአፍንጫው የሚወጣው ጋዝ 15 እጥፍ ያህል እንደሚጨምር እ.ኤ.አ. በ2002 ታውቋል።

ሊዮናርዶ ስለዚህ ጋዝ አንዳች አላወቀም። ነገር ግን ሌሎች ያላዩትን በትዕግሥት አይቶ፣ ያየውን በታማኝነት ሣለ። ሥራው በጊዜው ለሕዝብ ቢደርስ ኖሮ ተከታዮቹ ሐኪሞች እርሱ ካቆመበት በጀመሩ ነበር። ዕውቀት በሣጥን ውስጥ ሲቆለፍ፣ ባለቤቱ ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ ለትውልድ ሳይጠቅም ይዘገያል።