ሄንሪክ ሾግረን፦ የደረቁ ዓይኖችን ሕመም ያስተዋሉ ሐኪም

እንባና ምራቅ አላህ ለሰው ልጅ ከሰጣቸው፣ እስኪጠፉ ድረስ ግን ከማይታወሱ ጸጋዎች መካከል ናቸው። የጾመኛ አፍ ድርቀት በኢፍጣር ውሃ ያበቃል፤ ቀንም ሌትም አፋቸውና ዓይናቸው የሚደርቅባቸው ሕሙማን ግን አሉ። ሕመማቸው የሚጠራው በስዊድናዊው የዓይን ሐኪም በሄንሪክ ሾግረን ስም ነው።

ሾግረን የተወለዱት በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1899 ሲሆን ሕክምናን በስቶክሆልም ካሮሊንስካ ተቋም ተማሩ። በወጣትነታቸው አንዲት ሴት ዓይኗ ደርቆ፣ አፏ ደርቆ፣ መገጣጠሚያዎቿም እየታመሙ መጣች። ሌሎች ሦስቱን እንደ ተለያዩ ሕመሞች ሊያዩ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን አንድ ሥር እንዳላቸው ጠረጠሩ። በ1933 ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የ19 ሴቶችን ሁኔታ ዘረዘሩ፤ 13ቱ የመገጣጠሚያ በሽታ ነበረባቸው።

ጽሑፉ ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት የሚያበቃ ውጤት አልተሰጠውም። ሾግረን ወደ ዮንሾፒንግ ከተማ ሄደው ሕሙማንን ማከም ቀጠሉ። በ1943 አውስትራሊያዊው ሐኪም ብሩስ ሃሚልተን ሥራውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱት ዓለም አወቀው። የስዊድን መንግሥት በ1961 የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ሰጣቸው፤ በ1986 አረፉ።

በሕይወት ሳሉ የደም ምርመራ ሐሳባቸውን አጠናከረው። ሕመሙ የሚመጣው የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን ዕጢዎች ሲያጠቃ ነው፤ በብዙ ሕሙማን ደም ውስጥም ለዚህ ምስክር የሆኑ አንቲቦዲዎች ይገኛሉ። ዋነኞቹ ፀረ ኤስኤስኤ እና ፀረ ኤስኤስቢ ይባላሉ፤ ሁለቱ «ኤስ» ፊደላት በሾግረን ስም ከሚጠራው ሕመም የተወሰዱ ናቸው። ሌላ መጠሪያቸው «ሮ» እና «ላ» ሲሆን፣ መነሻው የሁለት ሕሙማን ስም ነው። በላቦራቶሪው ወረቀት ላይ ሐኪሙና ታካሚዎቹ ጎን ለጎን ቆመዋል።

ይሁን እንጂ ደም ብቻውን አይፈርድም። ምልክቶቹ የሌሉባቸው ሕሙማን አሉ፤ ፀረ ኤስኤስኤ በሉፐስ ሕሙማንና በአንዳንድ ጤነኞች ደምም ይገኛል። ስለዚህ ሐኪሞች የእንባን መጠን ይለካሉ፤ ካስፈለገም ከከንፈር ውስጥ ትንሽ የምራቅ ዕጢ ወስደው ይመረምራሉ። ፀረ ኤስኤስኤ ያለባት ነፍሰ ጡር ደግሞ አልፎ አልፎ የፅንሱን የልብ ምት ሊያውክ ስለሚችል ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር ይገባታል።

የሾግረን ውርስ ከስማቸው ይበልጣል። የደም ምርመራው ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ቀላል የሚመስለውን የሴቶችን አቤቱታ አምነው ሰምተዋልና።