አል-ራዚና የጽጌረዳው ጉንፋን

አቡ በክር አል-ራዚ በዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው ሬይ ተወለዱ፤ በሬይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መሩ። ፈንጣጣን ከኩፍኝ ለይተው በመጻፋቸው ይታወቃሉ። እኛን ይበልጥ የገረመችን ግን አንዲት አጭር ጽሑፋቸው ናት፦ ሊቁ አቡ ዘይድ አል-በልኺ በጸደይ ጽጌረዳ ሲያሸቱ ለምን ጉንፋን እንደሚይዛቸው ያብራሩባት። ያኔ የደም ምርመራ የለም፤ ሐኪሙ የያዙት ወቅቱንና ቀስቃሹን ነበር።

የአለርጂው አንቲቦዲ፣ አይጂኢ፣ የታወቀው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ከደም ይለካል። ደብረ ታቦር ላይ በአደይ ወራት ለምናስነጥሰው ግን አንድ ነገር አለ፦ የሆድ ትላትልም ጠቅላላውን አይጂኢ ከፍ ያደርጋሉ። ቁጥሩ ስለበዛ ብቻ አለርጂ ነው አይባልም፤ ሕመሙ መቼና በምን እንደሚነሳ መጠየቅ ዛሬም ይቀድማል።

አል-ራዚ በመጨረሻ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በ313 ዓመተ ሂጅራ ገደማ እዚያው ሬይ ወደ አኼራ ሄዱ።