ኤድጋር ኮድ፤ መረጃን ከማኖሪያው የለዩ ሊቅ

ኤድጋር ፍራንክ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1923 በእንግሊዝ አገር፣ በፖርትላንድ ደሴት ተወለዱ። በኦክስፎርድ ሒሳብና ኬሚስትሪ ያጠኑ ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአገራቸው አየር ኃይል በአብራሪነት አገልግለዋል። በ1948 በኒውዮርክ በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተቀጠሩ። በ1953 የሴናተር ማካርቲ ዘመቻ አሳዝኗቸው ወደ ካናዳ ሄዱ፤ ከዓመታት በኋላም ተመልሰው በ1965 ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ።

በዚያን ዘመን በሰፊው በሚሠራበት ሥርዓት መረጃ የሚቀመጠው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተያይዞ ነበር። በመሆኑም ጠያቂው የሚፈልገውን ለማግኘት መንገዱን አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት፤ አቀማመጡ ሲለወጥም ፕሮግራሙ ይበላሽ ነበር። ዶክተር ኮድ በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ እንዲገለጽና ተጠቃሚው ከውስጣዊው አቀማመጥ ነጻ እንዲሆን ሐሳብ አቀረቡ።

አሠሪያቸው ግን የቀድሞውን ሥርዓት ይሸጥ ስለ ነበር ሐሳቡን ለገበያ ለማብቃት ዘገየ። በኋላ ኦራክል የተባለው ኩባንያ በ1979 ቀደመው፤ አይ.ቢ.ኤም. የራሱን ያቀረበው በ1981 ነው። በዚሁ ዓመት ዶክተር ኮድ የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ።

በ1979 ደግሞ የመጀመሪያውን ሐሳባቸውን የሚያሰፋ ሌላ ጽሑፍ አወጡ። ጉዳዩን ለመረዳት አንድ ቤተ መጻሕፍት እናስብ። መጽሐፍ የገጽ ብዛት፣ ፊልም የደቂቃ ርዝመት፣ ካርታ ደግሞ የራሱ መጠነ ልክ አለው። ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ ቢታጨቁ ባዶው ቦታ ይበዛል፤ ፈጽሞ ቢለያዩ ደግሞ በአንድነት መፈለግ ያስቸግራል። የዶክተር ኮድ መፍትሔ የሚከተለው ነበር፦ እያንዳንዱ ነገር በማይለወጥ መለያ ይመዝገብ፤ የጋራው ጠባይ በአንድ ወገን፣ የየዓይነቱ ጠባይ በየራሱ ሰንጠረዥ ይስፈር፤ ንዑሱ ዓይነትም የበላዩን መለያ ይያዝ።

ገበያው የ1970ውን ትምህርት ሲቀበል ይህን ሁለተኛውን ብዙም አልተከተለም። ብዙ ሻጮች በስም ብቻ የሰንጠረዥን ሥርዓት ተከተልን ሲሉ፣ ዶክተር ኮድ በ1985 ዐሥራ ሁለት ሕጎች በሚል የሚታወቁትን መመዘኛዎች ይፋ አደረጉ። በ2003 በፍሎሪዳ በ79 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለእኛ ለሙያው ሰዎች የተውት ውርስ ከሰንጠረዡ ይልቅ ቅደም ተከተሉ ነው። አዲስ ዓይነት ሰነድ በመጣ ቁጥር አንድ ዓምድ መቀጠል ቀላል ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው ቋቱ ከሞላ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገሩ ምን እንደ ሆነና ከሌሎቹ ጋር ምን እንደሚጋራ አስቀድሞ መወሰን፣ የት ይቀመጥ የሚለውንም ከዚያ በኋላ ማሰብ ይገባል።